የወንዝ መድረሻ የት ነው? ከዲማ እስከ ኦሞ ዳርቻ

ዲማ በጋምቤላ ክልል ደቡባዊ ጫፍ፣ በአኮቦ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ ወረዳ ናት። ባሕር ከዚያ እጅግ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሩቅ ዳርቻና ስለ ወንዝ መድረሻ የሚነገር ታሪክ ከዲማ ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አይበዛም። ይሁን እንጂ በአኮቦ ዳር ቆሞ «ይህ ውኃ መጨረሻው ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የካርታ ሠሪዎችን፣ የነገሥታትንና የጦር መሪዎችን አሳብ ይዞ የቆየ ጥያቄ መጠየቁ ነው።

አኮቦ ከደቡብ ምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከፒቦር ይቀላቀላል፤ ፒቦርም ከባሮ ጋር ተገናኝቶ ሶባት የሚባለውን ወንዝ ይፈጥራል፤ ሶባት ደግሞ በማላካል አካባቢ ከነጭ ዓባይ ይገባል። ስለሆነም በዲማ የጣለ ዝናብ፣ ፀሐይና ረግረግ በመንገድ ካላስቀሩት፣ መጨረሻው የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ከማጂ ከፍተኛ ቦታዎች በስተ ምሥራቅ የጣለ ዝናብ ግን ወደ ኦሞ ይወርዳል፤ ኦሞም መውጫ በሌለው በቱርካና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ያበቃል። ከዲማ እስከዚያ ዳርቻ በአየር መስመር ቢለካ ርቀቱ ከ200 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ቢል ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ አንዱ ውኃ ወደ ባሕር፣ ሌላው ወደ በረሃ ሐይቅ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ ያ ሩቅ ዳርቻ በእነማን እንደ ተጎበኘ፣ በዳርቻውም ላይ የተተከለው ባንዲራና የተሰመረው ወሰን ምን እንደ ደረሰበት ባጭሩ ይተርካል። ታሪኩ የጉዞ ታሪክ ቢመስልም፣ በውኃ ሥራ ላይ ለተሠማራ ባለሙያ የሚነግረው ቁም ነገር አለው፤ ይኸውም የወንዝ መድረሻ በካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ቢታይም፣ በምድር ላይ ግን ከዘመን ዘመን የሚጓዝ መሆኑ ነው።

ያልታወቀው መጨረሻ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኦሞ ምንጭ ይታወቅ ነበር፤ መድረሻው ግን አይታወቅም ነበር። ፈረንሳዊው የምድር አጥኚ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1846 ከጊቤ ምንጭ ደርሶ ያ ውኃ የነጭ ዓባይ ዋነኛ ምንጭ ነው ብሎ አስታወቀ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ አሳቡን አጥብቆ ተቃወመ። ክርክሩ በጽሑፍ ለዓመታት ቢቀጥልም፣ ወንዙን እስከ መጨረሻው ተከትሎ የሄደ ስላልነበረ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አልተገኘም። አንዳንዱ ኦሞ በሶባት በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል ሲል፣ ሌላው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይወርዳል ይል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 የሃንጋሪው መኰንን ኮንት ሳሙኤል ቴሌኪና ጓደኛው ሉድቪግ ፎን ሆህኔል ከደቡብ ተነሥተው ሐይቁን አገኙ፤ በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ስምም ሩዶልፍ ብለው ሰየሙት። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1975 ቱርካና በሚለው እስኪተካ ድረስ በካርታዎች ላይ ቆየ። ተጓዦቹ ወደ ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ደርሰው ከዚያ የሚገባ ወንዝ መኖሩን አመለከቱ። ነገር ግን ያ ወንዝ ዳባዲ ምንጩን ካየው ኦሞ ጋር አንድ ስለ መሆኑ ገና የተረጋገጠ ነገር አልነበረም።

ይህን ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ከሕንድ ውቅያኖስ ዳር ከብራቫ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ገባ፤ ወንዙንም ቁልቁል ተከትሎ በነሐሴ 1888 ዓ.ም. (1896) ከሐይቁ ዳርቻ ደረሰ። በዚህም ኦሞ ወደ ዓባይም ወደ ሕንድ ውቅያኖስም ሳይሄድ በሐይቁ እንደሚያበቃ ታወቀ። ቦቴጎ በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ፣ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ተካሂዶ ነበር። ከሐይቁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ወደ ሶባት ገባሮች አገር ከዘለቀ በኋላ፣ በመጋቢት 1889 ዓ.ም. (1897) በወለጋ ጊዳሚ አካባቢ በተደረገ ውጊያ ሞተ። ከእርሱ ጋር የነበሩት ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው በኋላ ስለ ተለቀቁ፣ የጉዞው ካርታና ማስታወሻ በእነርሱ አማካይነት ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ለአምሳ ዓመት የተከራከሩበትን መድረሻ በዳርቻው የሚኖሩት ሰዎች ሁልጊዜም ያውቁት ነበር። ዳሰነች ከብቱን የሚያጠጣው፣ ማሽላውን የሚዘራውና ዓሣውን የሚያጠምደው በዚያው ስፍራ ነው። «ያልታወቀ» ይባል የነበረው መድረሻ ያልታወቀው ከሩቅ ለመጣው ሰው ብቻ ነበር።

በአንድ ዓመት ሁለት ባንዲራ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. (1891) ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ፣ የግዛታቸውን ወሰን በምዕራብ እስከ ካርቱም፣ በደቡብም እስከ ኒያንዛ ሐይቅ አድርሰው አስታውቀው ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ይህ ቃል በሥራ የሚገለጽበት ጊዜ መጣ። በ1890 ዓ.ም. (1898) ሁለት ሠራዊቶች ወደ ሁለት የወንዝ መድረሻዎች ዘመቱ።

የመጀመሪያው በከፋ ገዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው ነበር። ሠራዊቱ ከከፋ ተነሥቶ በቤንችና በሱሪ አገር፣ ማለትም ከዲማ በላይ ባሉት ደጋዎች አድርጎ፣ ወደ ቆላው ወረደ፤ በበልጉ ወራትም ኦሞ ከሐይቁ ከሚገባበት ዳርቻ ደርሶ ባንዲራ ተከለ። ከራሱ ጋር የዘመተው ሩሲያዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጉዞውን በዝርዝር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1900 በሴንት ፒተርስበርግ አሳትሞታል። ከጽሑፉ እንደሚታየው ዘመቻው ቀላል አልነበረም፤ ወታደሩ በውኃ ጥምና በበሽታ ሲጎዳ፣ በመንገዱ ላይ የነበሩት ሕዝቦች ደግሞ ሞት፣ ዘረፋና ምርኮ ደረሰባቸው። የወሰን ታሪክ ሲጻፍ የተተከለው ባንዲራ ብቻ ተነሥቶ ይህ ዋጋ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛው ሠራዊት በደጃዝማች ተሰማ ናደው ሥር ሆኖ በባሮና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ወረደ። ከእርሱ በፊት በቦንሻን የሚመራ የፈረንሳይ ቡድን በዚያው መንገድ ሞክሮ፣ ወንዙን የሚያሻግርና ቁልቁል የሚወስድ ጀልባ ስላልነበረው፣ ከረግረጉ ተመልሶ ነበር። የደጃዝማች ተሰማ ሠራዊት ግን በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ከሚገናኝበት ስፍራ ደረሰ። የኢትዮጵያ ባንዲራ በዚያ ተተከለ፤ ከሠራዊቱ ጋር የነበሩት ፈረንሳውያን የአገራቸው ባንዲራም እንዲተከል ስለ ፈለጉ፣ ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ከኮሳኮቹ ጋር ዋኝቶ ይህንኑ ፈጸመ። ነገር ግን ወባና የስንቅ እጥረት ሠራዊቱን ስለ ፈጀው በዚያ መሰንበት አልተቻለም። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ የሚጠበቀው ሻለቃ ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው በሐምሌ መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ከተመለሰ በኋላ ነበር። ሁለቱ ሳይገናኙ የቀሩት በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ነው።

ሁለቱም ባንዲራዎች በተተከሉበት አልቆዩም። በሶባት መገናኛ ባንዲራውን የሚጠብቅ ሰው በጎርፍ ወራት ሊኖር የሚችልበት ደረቅ መሬትና መንገድ አልነበረም። በኦሞ ዳርቻ ደግሞ ከሰው ይልቅ ዳርቻው ራሱ ስፍራውን ለቆ ሄደ።

በውኃ ላይ የተሰመረ ወሰን

በግንቦት 1894 ዓ.ም. (1902) በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲወስን፣ ለምዕራቡ ክፍል የባሮን፣ የፒቦርንና የአኮቦን ወንዞች መስመር አድርጎ ወሰደ። እነዚህን ወንዞች ቀደም ሲል የለካው እንግሊዛዊው ሻለቃ ኦስቲን ነበር፤ እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1901 ከሱዳን ወደ ሐይቁ ባደረገው ሌላ ጉዞ አብዛኞቹን ተከታዮቹን በረኃብ አጥቷል። አኮቦ እንግዲህ በዚያ ውል የዲማ ወንዝ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥታት ወሰን ሆነ። በዚሁ ውል ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተፈቀደ፤ በኋላ ግን የተመረጠው ስፍራ ጋምቤላ ሆነ። የጋምቤላ ወደብ የሠራው ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ መሆኑ፣ ወንዝ በሰው ውል ሳይሆን በራሱ ጊዜ እንደሚሄድ በየዓመቱ የሚያስታውስ ነበር።

በኅዳር 1900 ዓ.ም. (1907) በተፈረመው ሌላ ውል ደግሞ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ወሰን ተወሰነ። ይህ ውል በሐይቁ አካባቢ የሚጠቅሳቸው ምልክቶች ለመሐንዲስ እጅግ የሚያስገርሙ ናቸው። ወሰኑ ሐይቁን አቋርጦ ከሳንደርሰን ባሕረ ሰላጤ በስተ ምሥራቅ ካለው ልሳነ ምድር ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ የልሳነ ምድሩን ምዕራባዊ ዳርቻ ተከትሎ ወደ ኪቢሽ ወንዝ መድረሻ፣ ወይም በመድረሻው ወዳለው ረግረግ ይሄዳል፤ ከዚያም በወንዙ ጥልቅ መስመር ወደ ሰሜን ይወጣል። ውሉን የጻፉት ሰዎች «መድረሻ ወይም ረግረግ» ማለታቸው ራሱ ስፍራው ቁርጥ ያለ ነጥብ እንዳልነበረ የሚያሳይ ነው።

ቀለሙ ከደረቀ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ መውረድ ጀመረ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 20ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ የሐይቁ ወለል ከ15 ሜትር በላይ ዝቅ አለ። የሳንደርሰን ባሕረ ሰላጤ ደረቀ። ልሳነ ምድር የነበረው ከየብስ ተቀላቅሎ ሜዳ ሆነ። በ1890 ዓ.ም. ማዕበል ሲመታው የነበረው ዳርቻ ከብት የሚግጥበት ሣር ሆነ። በውኃ ዳር የተሰመረ ወሰን ውኃው ሲሸሽ በደረቅ መሬት ላይ ቀረ። በዚህና በሌሎች ምክንያቶች የኢሌሚ ሦስት ማዕዘን የሚባለው አገር ለረጅም ዘመን አከራካሪ ሆኖ ኖሯል። ኢትዮጵያና ኬንያ የጋራ ወሰናቸውን በመጨረሻ በውል ያጸኑት በሰኔ 1962 ዓ.ም. (1970) ነው።

ዳርቻው ለምን ይጓዛል?

የዚህ ምክንያት ከሒሳብ የራቀ አይደለም። ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ስለሆነ የሚገባው ውኃ ሁሉ የሚወጣው በትነት ብቻ ነው። ከሚገባው ውስጥ ከአምስቱ እጅ አራቱን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን የሚያመጣው ኦሞ ነው። የሐይቁ ስፋት በክብ ቁጥር 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ዓመታዊ ትነቱም ከ2 ሜትር በላይ ነው ቢባል፣ በየዓመቱ ወደ አየር የሚሄደው ውኃ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ኦሞ ይህን ያህል ካመጣ ሐይቁ ባለበት ይቆያል፤ ካነሰ ይወርዳል፤ ከበለጠ ይወጣል። በጊቤና በጎጀብ ደጋ ለጥቂት ዓመታት የዘገየ ዝናብ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ዳርቻ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው።

የዳርቻው ምድር በጣም ዘቅዘቅ ያለ አይደለም። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ አንድ ሜትር የወረደ ውኃ ወደ ጎን ብዙ ርቀት ይሸሻል። በላዩ ደግሞ ደለል አለ። ኦሞ ከደጋው አጥቦ የሚያመጣውን አፈር ከሐይቁ ሲደርስ ይጥለዋል፤ አፈሩም እንደ ወፍ እግር ጣት እየተዘረጋ ዴልታ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተነሡት የሳተላይት ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ ዴልታው በሃያ ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ ደቡብ እጅግ እንደ ገፋ በግልጽ ይታያል። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ባንዲራ የተከሉበትን ዳርቻ ዛሬ ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው፣ ከሚፈልገው ስፍራ ቢደርስ እንኳ ላያውቀው ይችላል።

የጥንቱ መንገድ

እዚህ ላይ የዳባዲን ስሕተት እንደገና መመልከት ተገቢ ነው። የምድር ጥናት ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ አፍሪካ ከዛሬው ይልቅ ዝናም በበዛባት ዘመን፣ ይኸውም ከዛሬ 11 ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ ድረስ በነበሩት ጊዜያት፣ የቱርካና ሐይቅ ከአሁኑ ከ90 ሜትር የማያንስ ከፍ ብሎ ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ ሞልቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ሲፈስስ፣ ውኃው በሎታጊፒ ረግረግ አልፎ ወደ ፒቦር ይገባ ነበር። ፒቦር ደግሞ አኮቦ የሚቀላቀለው ወንዝ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን የኦሞ ውኃና በዲማ የሚያልፈው ውኃ በሶባት ተገናኝተው ወደ ዓባይ ይሄዱ ነበር። ዛሬም በሐይቁ የሚገኙት የዓባይ አዞና የዓባይ ፔርች ዓሣ የዚያ ግንኙነት ምስክሮች ናቸው። ዳባዲ የተሳሳተው በስፍራው ሳይሆን በዘመኑ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ከዚያም በፊት ዳርቻው ብዙ ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ኦሞ ወደ ሐይቁ ሲገባ የጣለው ጥንታዊ ደለል በኪቢሽ አካባቢ ተደራርቦ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1967 የሰው ልጅ ጥንታዊ ቅሪቶች የተገኙት ከዚሁ ደለል ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸውም ለረጅም ጊዜ 195 ሺህ ዓመት ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ከ230 ሺህ ዓመት እንደማያንስ አመልክቷል። በወንዝ መድረሻ መኖር እንግዲህ ለሰው ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።

በዳርቻው የሚኖሩት

የዳሰነች አርሶ አደርና አርብቶ አደር ኑሮውን የመሠረተው በዚህ መንቀሳቀስ ላይ ነው። ኦሞ በክረምት ሞልቶ ሲፈስስ ደለሉን ያጠጣል፤ ጎርፉ ሲሸሽ በቀረው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራል፤ ከብቱም በለመለመው ሣር ይሰማራል። ለዚህ ኑሮ ጎርፍ ሲቀርም ሲበዛም ጉዳት ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. (2006) ኦሞ ከልክ በላይ ሞልቶ ዴልታውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከ360 የሚበልጡ ሰዎችና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች አልቀዋል። ከደጋው የተነሣው ውኃ ለመድረስ ቀናት የፈጀበት ቢሆንም፣ ወሬው ከውኃው ቀድሞ አልደረሰም።

ከዚያ ወዲህ የወንዙ ፍሰት በሰው እጅ ገብቷል። ጊቤ 3 ግድብ ከፍታው 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ2016 ተመርቋል። የሚይዘው ውኃ ወደ 15 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ይህም ቀደም ሲል በተሰላው መሠረት ሐይቁ በአንድ ዓመት ከሚያተነው ጋር የሚቀራረብ ነው። ግድቡ ለአገር ኃይል ይሰጣል፤ የ1998ቱን ዓይነት ድንገተኛ ጎርፍም ሊያረግብ ይችላል። በሌላ ወገን ግን ዓመታዊው ሙላት ሲቀንስ ደለል ላይ የሚዘራው ማሽላ ይቀራል። ይህ አስቀድሞ ስለ ታወቀ በግድቡ ዕቅድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጎርፍ በየዓመቱ መልቀቅ ታስቦ ነበር። የኃይል ፍላጎት በሚያይልበት ጊዜ ውኃ ያለ ተርባይን መልቀቅ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ያ ውኃ በታችኛው ኦሞ የሰብል ውኃ ነው።

ሐይቁ ይወርዳል ተብሎ ብዙ ሲጻፍ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ ተደራርቦ እ.ኤ.አ. ከ2020ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሐይቁ ከፍ አለ፤ በዴልታው ላይ የነበሩ መንደሮችና የግጦሽ መሬቶች በውኃ ተያዙ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ውኃው ሲሸሽ የተፈጠረው መሬት፣ ውኃው ሲመለስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አሳየ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ባጭሩ ሊነገር የሚችል ነው። ባንዲራ የተከለው መስፍን፣ ውል የጻፈው ዲፕሎማት፣ ካርታ የሠራው ተጓዥ ሁሉም አንድ ስሕተት ሠርተዋል፤ ይኸውም በጎበኙበት ቀን ያዩትን ዳርቻ የዘለዓለም ዳርቻ አድርገው መቁጠራቸው ነው። ከእነርሱ ይልቅ የዘመኑ መሐንዲስ የሚያመካኝበት የለውም፤ የመቶ ሠላሳ ዓመት ልኬትና የግማሽ ምዕተ ዓመት የሳተላይት ምስል በእጁ አለ። በወንዝ ታችኛው ጫፍ መንገድ፣ የመስኖ ቦይ ወይም የሰፈራ ቀበሌ ሲቀየስ፣ መነሻው የዛሬው የውኃ ወለል ብቻ ሳይሆን የወጣበትና የወረደበት ከፍታ ሁሉ ሊሆን ይገባል። ከላይ ያለው ግድብ ሲከፈትና ሲዘጋም፣ ወሬው ከውኃው ቀድሞ ለዳርቻው ሰው መድረስ አለበት።

በዲማ አጠገብ የሚያልፈው አኮቦም ከዚህ ሕግ ውጪ አይደለም። በየክረምቱ ዳሩን ይበላል፤ አሸዋና ደለል እያነሣ ከሌላ ቦታ ይጥላል። ከ1894 ዓ.ም. ጀምሮ ወሰን ሆኖ መቆየቱ ከመንቀሳቀስ አላገደውም። በላይኛው ተፋሰሱ አንድ ቀን ግድብ ወይም የመስኖ ሥራ ለመቀየስ የሚመጣ ባለሙያ ሊጠይቀው የሚገባ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ከመቶ ሰባ ዓመታት በላይ ያስቆጠረው ያ የጥንት ጥያቄ ነው፤ ይህ ውኃ መጨረሻው ወዴት ነው፣ በዚያስ ማን ይኖራል?